የፎቶ ጂኦታግ ንግድን በፍለጋ ውጤት ያስቀድማል?

አንድ ነጋዴ በጉግል ካርታ ላይ ቀድሞ ለመታየት ምን ማድረግ እንዳለበት ምክር ሲጠይቅ ሳይነገረው የማይቀር ነገር አለ፤ «ፎቶዎችዎን ጂኦታግ አድርገው ይጫኑ፣ ደረጃዎ ከፍ ይላል» የሚል። ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ ብቻ ቢዞር ብዙም ባልከፋ ነበር። ዛሬ ግን ሸቀጥ ሆኗል። በየወሩ ክፍያ እየተቀበሉ በደንበኞቻቸው ፎቶዎች ላይ የቦታ ቁጥር የሚጽፉ ድርጅቶች አሉ፤ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ መተግበሪያዎችም ይሸጣሉ። ከፋዩ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሥራው ላይ የሚውልና የሚገዛውን ነገር ለመመርመር ጊዜ የሌለው ሰው ነው። ገንዘቡ ምን እንደሚያመጣለትና ምን እንደማያመጣለት ማወቅ መብቱ ነው።

ለመሆኑ ጂኦታግ ምንድን ነው?

በስልክ የተነሣ ፎቶ ዓይን ከሚያየው ምስል ሌላ ዓይን የማያየው ጽሑፍም ይዟል። ጽሑፉ በፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ይቀመጣል፤ የሚጻፍበትም ሥርዓት ኤግዚፍ ይባላል። ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። የታሰበውም የልዩ ልዩ አምራቾች ካሜራዎች ስለ አንድ ፎቶ አንድ ዓይነት መረጃ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲመዘግቡ ነበር። ካሜራው የየትኛው ኩባንያ ነው? ፎቶው በስንት ሰዓት ተነሣ? ብርሃን ለምን ያህል ጊዜ ገባ? ፍላሹ በርቶ ነበር? መዝገቡ ይህን ሁሉ ይይዛል። ጂኦታግ የሚባለው ከዚሁ መዝገብ ውስጥ ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይናገራሉ።

መዝገቡን ከፍቶ የሚያይ ሰው ኬክሮሱ በአራት ነገሮች ተጽፎ ያገኘዋል። መጀመሪያ ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወይም በስተደቡብ መሆኑን የሚለይ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ደቂቃና ሴኮንድ። በኬክሮስ አንድ ዲግሪ መሬት ላይ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሴኮንድ ደግሞ 31 ሜትር ገደማ። ብዙ ስልኮች ሴኮንዱን እስከ መቶኛ ከፍለው ስለሚጽፉ ቁጥሩን ያየ ሰው ቦታው በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት የታወቀ ይመስለዋል። አይደለም። በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ አንድ የተለመደ ስልክ አምስት ሜትር ያህል ይስታል። ጣሪያ ሥር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች የሚመጣው ምልክት ስለሚደክም ስልኩ በአካባቢው ካሉ የዋይፋይና የሞባይል አንቴናዎች ተነሥቶ ይገምታል። አንዳንዴም ከደቂቃዎች በፊት የነበረበትን ቦታ ይጽፋል። የመለኪያው መነሻ ራሱ የስምምነት ጉዳይ ነው። በግሪኒች የቀድሞ የከዋክብት መመልከቻ ግቢ መሬት ላይ የተሰመረውን የዜሮ ኬንትሮስ መስመር ረግጦ የቆመ ሰው ስልኩን ቢያይ ዜሮ አያገኝም፤ የጂፒኤስ ዜሮ ከመስመሩ 102 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እነዚህ መስመሮች ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ ማኅተምም ፊርማም የለባቸውም። ኤግዚፍቱል በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ በሺህ ፎቶዎች ላይ የፈለገውን ኬክሮስና ኬንትሮስ መጻፍ ይችላል። ሄዶ የማያውቅበትን ከተማ ቢጽፍ «ነበርክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ጉግል የትኛውን ንግድ እንደሚያስቀድም በምን ይወስናል?

«በአቅራቢያዬ ያለ የጥርስ ሐኪም» ብሎ የፈለገ ሰው ከሌሎቹ ውጤቶች በላይ ካርታና ከካርታው ጋር ጥቂት ስሞች ይመጡለታል። ስሞቹ ቀድሞ ሰባት ነበሩ፤ ከእ.ኤ.አ. 2015 ወዲህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብቻ ናቸው። የሁሉም ፍልሚያ ለእነዚህ ሦስት ቦታዎች ነው፤ የጂኦታግ ገበያም የደራው ቦታው ስለጠበበ ነው።

ጉግል ለንግድ ባለቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ ቅደም ተከተሉ በዋናነት በሦስት ነገሮች እንደሚወሰን ይገልጻል።

የመጀመሪያው ተዛማጅነት ነው፤ ንግዱ ሰውየው ከፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል ይገጥማል የሚለው። እዚህ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው በንግዱ መገለጫ ላይ፣ ማለትም ባለቤቱ ስለ ንግዱ ጉግል ላይ በሚሞላው ገጽ ላይ፣ የተመረጠው ዋና የሥራ ዘርፍ ነው። የጥርስ ሐኪም ሆኖ ዘርፉን «ክሊኒክ» ብሎ ብቻ ያስመዘገበ ሰው ፎቶውን ምንም ቢያደርገው ከባዱን ዳገት መርጧል።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ርቀት ሲባል ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስላለ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይበጃል። የሚለካው በሁለት ነጥቦች መካከል ነው፤ ፈላጊው አሁን ባለበት ወይም በጠቀሰው ቦታና ንግዱ በተመዘገበበት አድራሻ መካከል። ፈላጊው የት እንዳለ ስልኩ ይናገራል። ንግዱ የት እንዳለ የተመዘገበውና የተረጋገጠው አድራሻ ይናገራል። ፎቶው የተነሣበት ነጥብ በዚህ ልኬት ውስጥ መግቢያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ በተደረገ ለውጥ የርቀት ክብደት በግልጽ መጨመሩን የዘርፉ ባለሙያዎች ታዝበዋል፤ ከፈላጊው ርቀው በስማቸው ውስጥ በተሰገሰጉ የፍለጋ ቃላት ብቻ ከላይ የሚወጡ ብዙ ንግዶች ያኔ ወደ ታች ወርደዋል።

ሦስተኛው ታዋቂነት ነው። ስለ ንግዱ ሌሎች ምን ይላሉ? ስንት ሰው አስተያየት ሰጠ፣ ምን ያህል ኮከብ አገኘ፣ የትኞቹ ድረ-ገጾች ይጠቅሱታል?

ከእነዚህ ጎን የሚቆሙ ትንንሽ ምልክቶችም አሉ። ለምሳሌ ፈላጊው የአንድን ንግድ ስም ሳይጠራ በዘርፍ ሲፈልግ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆን ቦታ እንዳለው ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 አረጋግጧል። የሥራ ሰዓትን በትክክል መሙላት አምስት ደቂቃ የማይፈጅና በነጻ የሚሠራ ነገር ነው፤ እሱን ሳይሞሉ ለጂኦታግ መክፈል ያሳዝናል።

ታዲያ ጂኦታግ ከእነዚህ ውስጥ የት ይገባል?

የትም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቀበሮን «ምስክርሽ ማን ነው?» ቢሏት «ጅራቴ» አለች ይባላል። ባለቤቱ ራሱ በራሱ ፎቶ ላይ የሚጽፈው የቦታ ቁጥርም እንዲሁ ነው። የፍለጋ ሥርዓት የሚሠራ መሐንዲስ ማንም በነጻና በአንድ ትእዛዝ ሊጽፈው በሚችለው ነገር ላይ ተመርኩዞ ንግዶችን ቢያስቀድም ካርታው በሳምንት ውስጥ በሐሰት ይሞላል። ጉግል ይህን ትምህርት ገና ዱሮ ቀስሟል። በድሮ ድረ-ገጾች ውስጥ ባለቤቱ «ገጼ ስለዚህ ስለዚህ ነው» እያለ ቁልፍ ቃላት የሚዘረዝርበት ስውር መስመር ነበር። ሰዎች ገጻቸው የማያውቃቸውን ቃላት ሁሉ ሲያጭቁበት መስመሩ ዋጋ አጣ፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2009 ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ ተናገረ። ጂኦታግ ያው ድክመት ያለበት ምልክት ነው።

የጉግል የፍለጋ ክፍል ባልደረባ የሆነው ጆን ሙለርም ስለዚሁ ተጠይቆ ለፍለጋ ሲባል ፎቶን ጂኦታግ ማድረግ እንደማያስፈልግ ተናግሯል። የጂኦታግ ሻጮች ደግሞ ከእሱ ቀደም ብሎ የተነገረ ሌላ ቃል ይጠቅሳሉ። በዚያ ዘመን የጉግል የአይፈለጌ ይዘት መከላከያ ቡድን መሪ የነበረው ማት ከትስ፣ ኩባንያው በፎቶ ውስጥ የሚገኘውን የኤግዚፍ መረጃ የመጠቀም መብቱን እንደጠበቀ ተናግሮ ነበር። መብትን መጠበቅ ግን እየተጠቀሙ ነው ማለት አይደለም፤ ንግግሩም በካርታ ላይ ስላሉ ንግዶች ደረጃ አልነበረም።

ጉግል በፎቶ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ነገር ጨርሶ አያነብም ማለትም ስሕተት ነው። በምስል ፍለጋ ላይ የፎቶ አንሺውን ስም፣ የባለቤትነት መብቱንና የፈቃድ ሁኔታውን ከፋይሉ ውስጥ እያነበበ ያሳያል። ይህ ግን ለተመልካቹ የሚቀርብ መግለጫ ነው፤ ፎቶውን ከሌላው ፎቶ አያስበልጥም።

ራሱ መፈተን ለሚፈልግ ሰው ቀላል መንገድ አለ። ጂኦታግ ያለበትን ፎቶ የንግዱ መገለጫ ላይ ይጫንና ከታየ በኋላ መልሶ አውርዶ መዝገቡን ይክፈት። የጂፒኤስ መስመሮቹ የሉም። ይህ ጉግል ሲቀበለው አላነበበውም የሚለውን ብቻውን አያስረዳም፤ ሲቀበል አንብቦ ከዚያ ሊያጠፋው ይችላልና። ግን የፎቶው ቁጥር «ካርታው ላይ ለዘላለም ተቀምጦ ይሠራልዎታል» የሚለውን የሻጮች አባባል ያፈርሰዋል።

«እኔ ሞክሬ ሠርቶልኛል» የሚሉ ሰዎችስ?

ብዙዎቹ አይዋሹም። ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ የሚሳሳቱት ምክንያቱን ሲሰይሙ ነው። ጂኦታግ የሚሠራ ድርጅት የቀጠረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ለወራት የተረሳ መገለጫውን ይከፍታል። አሥር አዳዲስ ፎቶዎች ይገባሉ፣ ዘርፉ ይስተካከላል፣ የስልክ ቁጥሩ ይታረማል፣ መልስ ያላገኙ አስተያየቶች መልስ ያገኛሉ። ደረጃው ከፍ ቢል ምስጋናው ለጂኦታጉ ይሰጣል። ከሠሩት ሥራዎች ሁሉ ምንም ያልፈየደው እሱ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት ደረጃ አንድ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ርቀት ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱ ስለሆነ ያው ንግድ በሩ ላይ ቆሞ ለፈለገ ሰው አንደኛ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ለፈለገ ሰው ዘጠነኛ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ደግሞ የሚፈልገው ከራሱ ሱቅ ውስጥ ነው። ዛሬ ከቤት፣ ነገ ከሥራ ቦታ የፈለገ ሰው ምንም ሳይለወጥ ትልቅ ለውጥ ያያል። እውነተኛ ሙከራ ማድረግ የሚሻ ሌላውን ሁሉ ሳይነካ፣ ጂኦታግ ያላቸውንና የሌላቸውን ፎቶዎች በተለያየ ጊዜ እየጫነ፣ ሁልጊዜ ከተመሳሳይ ነጥቦች እየፈለገ ለሳምንታት መመዝገብ አለበት። አገልግሎቱን የሚሸጥልዎትን ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

እንዲህ ከሆነ ፎቶ መጫን ራሱ ጥቅም የለውም?

አለው፤ ያውም ብዙ። የሚጠቅመው ግን ምስሉ ነው።

የጉግል ማሽኖች ምስል ውስጥ ያለውን ነገር ለይተው ያውቃሉ፤ ታፔላ ላይ የተጻፈውንም ያነብባሉ። አንድ ሰው የተወሰነ ነገር ሲፈልግ ከውጤቱ ጋር ብዙ ጊዜ ከዚያው ነገር ጋር የሚገጥም ፎቶ ተመርጦ ይወጣል። የብስክሌት ጥገና የፈለገ ሰው የንግዱን የፊት በር ሳይሆን የተፈታ ጎማ የያዘ እጅ የሚያሳየውን ፎቶ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ሊጨነቅበት የሚገባው ጥያቄ «የምሠራው ሥራ ሁሉ በፎቶዎቼ ላይ ይታያል?» የሚለው ነው። አሥራ አምስት የሕንፃ ፎቶ ካለው ይልቅ አንድ የሕንፃ፣ አንድ የመግቢያ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አገልግሎት ጥርት ያለ የራሱ ፎቶ ያለው ይሻላል። ከኢንተርኔት የተገዛ የማንም ያልሆነ የፈገግታ ፎቶ ደግሞ ሥራውን አያሳይም።

የውጭ ፎቶ ሲነሣ ታፔላው፣ በሩና ከጎን ያለው ሕንፃ አብረው ቢታዩ መልካም ነው። ደንበኛው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ቦታውን የሚያውቀው በዚያ ነው። ፎቶውን ደንበኛው በሚመጣበት አቅጣጫ ማንሳት ብዙዎች የማያስቡት፣ ግን ከየትኛውም ስውር ቁጥር የሚበልጥ የቦታ መረጃ ነው።

የመጠን ጉዳይ አጭር ነው። ጉግል ለንግድ መገለጫ ፎቶዎች ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ የሆነ፣ ከ10 ኪሎባይት እስከ 5 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል ይፈልጋል፤ የሚመክረው መጠንም 720 በ720 ፒክሰል ነው። ፎቶው እውነታውን እንዲያሳይና በማጣሪያ ከልክ በላይ እንዳይለወጥም ይጠይቃል።

ደንበኞች የሚጭኗቸው ፎቶዎችስ? እነሱ የሌላ ሰው ምስክርነት ስለሆኑ ለሚመጣው ደንበኛ ክብደት አላቸው። በደስታ የሄደን ደንበኛ ፎቶ ቢጭን ደስ እንደሚልዎት መንገር ነውር የለውም፤ ገንዘብ ወይም ቅናሽ እየሰጡ ማስጫን ግን የተከለከለ ነው።

ቦታ በእርግጥ የሚረጋገጥበት መንገድም አለ። ጉግል አንድ ንግድ በተባለው አድራሻ መኖሩን ለማረጋገጥ ባለቤቱን ያልተቆራረጠና ያልተስተካከለ ቪዲዮ እንዲቀርጽ ይጠይቃል። ቪዲዮው ላይ መንገዱና አካባቢው፣ የንግዱ ታፔላ ወይም መሣሪያዎች፣ ከዚያም ቀራጩ በእርግጥ ባለቤት ወይም ሠራተኛ መሆኑን የሚያሳይ ነገር መታየት አለባቸው፤ ለምሳሌ የተቆለፈን በር መክፈት ወይም ለሠራተኞች ብቻ ወደተከለለው ክፍል መግባት። ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር ቦታን የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

ባይጠቅምስ፣ ምን ይጎዳል?

ከገንዘቡ የሚበልጥ ጉዳት አለ፤ ሻጮቹ ብዙም አያነሡትም።

ጉግል ካርታና ታላላቆቹ ማኅበራዊ መድረኮች ለሕዝብ ከሚያሳዩት ፎቶ ላይ የቦታ ቁጥሩን ያጠፉታል። የራስዎ ድረ-ገጽ ግን ይህን ላያደርግ ይችላል። ብዙ የድረ-ገጽ ማዘጋጃ ሥርዓቶች የተጫነውን ዋና ፋይል እንዳለ ያስቀምጡታል፤ ማንም ጎብኚ አውርዶ መዝገቡን መክፈት ይችላል። በኢሜይል አባሪ ሆኖ የተላከ ፎቶም ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። በዋትስአፕና በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቁጥሩ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይደርሳል።

በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። በጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌሩ ስሙ የገነነው ጆን ማካፊ በቤሊዝ ፖሊስ እየተፈለገ ተሸሽጎ ሳለ አብረውት የነበሩ ጋዜጠኞች በስልክ ያነሡትን ፎቶ በድረ-ገጻቸው ላይ አወጡ። በፎቶው ውስጥ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ነበሩ። መሸሸጊያው ጓቲማላ መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ በቀናት ውስጥም በጓቲማላ ፖሊስ ተያዘ።

ይህ የታዋቂ ሰው ታሪክ ነው። እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ስማቸው በየትም የማይነሣው ነው። የቧንቧ ጠጋኝን፣ የቀለም ቀቢን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ያስቡ። ሥራው በደንበኛ ቤት ውስጥ ነው፤ «ከሥራ በፊት፣ ከሥራ በኋላ» እያለ የሚያነሣቸው ፎቶዎች የሰው መኝታ ቤት፣ የሰው በር፣ የሰው መቆለፊያ ያሳያሉ። ከነቁጥራቸው በድረ-ገጹ ላይ ሲለጥፋቸው የእያንዳንዱን ደንበኛ ቤት ከነውስጡ ካርታ ላይ እንዳስቀመጠ ይቁጠረው። ደንበኛው ይህን አልፈቀደም፤ መደረጉንም አያውቅም። ከቤታቸው ሆነው የሚሠሩ ሰዎችም አሉ። ጉግል ወደ ደንበኛ ሄደው የሚሠሩ ንግዶች አድራሻቸውን ደብቀው የሚያገለግሉበትን አካባቢ ብቻ እንዲያሳዩ ይፈቅዳል። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት አድራሻዋን በዚህ መንገድ ሰውራ፣ «ደረጃሽ ከፍ ይላል» በተባለችው ምክር የቤቷን ነጥብ በየፎቶው ላይ ብትጽፍ የሰወረችውን በገዛ እጇ ገለጠችው። ይህን አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ይህን ሊነግራት ይገባ ነበር።

የቦታ መረጃውን እንዴት ማጥፋት ይቻላል?

ከመነሻው እንዳይጻፍ ማድረግ ይቀላል። በአንድሮይድ ስልኮች የካሜራው መተግበሪያ ቅንብር ውስጥ ቦታን መመዝገብ ወይም አለመመዝገብ የሚመረጥበት መስመር አለ። በአይፎን ደግሞ በግላዊነት ቅንብር ሥር ካሜራው አካባቢን እንዳይጠቀም ይከለከላል። የግል ትዝታ ፎቶዎች ላይ ቦታው እንዲቀር የሚፈልግ የአይፎን ተጠቃሚ መዝገቡን ሳያጠፋ ፎቶውን ሲያጋራ ብቻ ከማጋሪያው ገጽ አናት ባለው አማራጭ ቦታውን መንሣት ይችላል።

ለተነሡ ፎቶዎች ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን በቀኝ አዝራር ጠቅ አድርጎ ባሕርያቱን መክፈት፣ ከዝርዝሩ ገጽ ግርጌ ያለውን የግል መረጃ ማስወገጃ መጫን ይበቃል። ለብዙ ፎቶ ቁጥር ለመጻፍ የሚያገለግለው ያው ኤግዚፍቱል ለማጥፋትም ያገለግላል።

ቀድሞ ጂኦታግ የተደረገባቸውና ጉግል ካርታ ላይ የተጫኑ ፎቶዎችን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂ ቁጥሩን አልያዘም። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው በራስዎ ድረ-ገጽ ላይ ያሉት ናቸው፤ ከእነሱም መካከል በደንበኞች ቤትና በራስዎ ቤት የተነሡት። እነሱን አውርደው ይመርምሩ፣ ቁጥር ካለባቸው አጥፍተው በአዲሱ ቅጂ ይተኩ፣ አሮጌው ፋይል ከድረ-ገጹ ማከማቻ መሰረዙንም ያረጋግጡ፤ በገጹ ላይ ባይታይም አድራሻውን የሚያውቅ ሰው እስካልተሰረዘ ድረስ ሊከፍተው ይችላልና።